በሩን ማን ቆለፈው? ከናዝሬት ቦንጋ ደርሶ መልስ

ልጄ ዮናስ ቡድኑን ተከትሎ ቦንጋ ኳስ ሊያይ ሄዶ፣ በተቆለፈ በር ላይ ተጨፍልቆ ሞተ። የውድድሩ ኮሚቴ ደግሞ «እንግዶቹ ደጋፊዎች ሰክረው በር ሊሰብሩ ሲታገሉ የደረሰ አደጋ ነው» ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። መጀመሪያ ልጄን ገደሉብኝ፤ ቀጥለው ሰካራምና በር ሰባሪ አደረጉት። በደሉ ይኸው ነው። ሌላ ማጣፈጫ የለውም።

ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ጎረቤቴ ማስታወቂያውን ሲያነብልኝ «ሰክረው» የምትለዋን ቃል አዝኖልኝ ዘለላት፤ በኋላ ከሌላ ሰው አፍ ሰማኋት። ሁለተኛ ማንም ቃል እንዳይዘልብኝ ብዬ ጢሜ ከሸበተ በኋላ የማታ ትምህርት ገባሁ። ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ እየለጠፍኩ ፊደል ቆጠርኩ። መጀመሪያ አንብቤ የጨረስኩት ያንኑ ማስታወቂያ ነው። የሰው ልጅ ለሌላ ደስ ለሚል ነገር ብሎ ነው የሚማረው፤ እኔ እንዲህ ሆንኩ።

ይህን የምጽፈው ቦንጋን ለማታዩት ነው፤ ይልቁንም ለእናንተ ለናዝሬት ደጋፊዎች። የልጄን ፊት ቲሸርት ላይ አትማችሁ አንድ ሰሞን ለበሳችሁት። ሲታጠብ ፊቱ ለቀቀ፤ እናንተም አብራችሁ ለቀቃችሁ።

ሐሙስ

ከናዝሬት ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። የጠራኝ ታምራት የሚባል የቦንጋ ባጃጅ ነጂ ነው፤ የዚያ አገር ደጋፊዎች መሪ። የእኛ ቡድን ወደዚያ በሄደ ቁጥር ይደውልልኛል፣ እኔም በደወለ ቁጥር እዘጋበታለሁ። ልጄን ለቀበረብኝ አገር ምን ብዬ ልመልስ? ዘንድሮ ግን ሳልዘጋበት ቀድሞኝ፣ «ጋሼ፣ በሩን ይጠብቅ የነበረው ዘበኛ ሥራ ለቋል። ማንኪራ ደን ገብቶ ቀፎ ሰቅሎ ይኖራል። ለእኛ አልናገርም ብሏል፤ እርስዎን ግን ፊት ለፊት ካየ...» አለኝ። ሐረጉን አልጨረሰውም። እኔም ሻንጣ ሳልይዝ በፌስታል ልብሴን ጠቅልዬ ወጣሁ።

የበሩን ነገር ላስረዳችሁ። ኳስ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ትልቁ በር ይከፈታል። ውጭ የቀረው ድሃ ገብቶ መጨረሻዋን ያያል፣ የገባውም ሳይጋፋ ይወጣል። እንዲህ ነው ደንቡ፣ ቦንጋም ናዝሬትም። ያን ቀን ግን አልተከፈተም። በረዶ ጣለ፣ ሰው እንደለመደው ወደ ትልቁ በር ሮጠ። በሩ ላይ ሰንሰለት ነበር።

ከአዲስ አበባ ጅማ የያዝኩት አውቶቡስ ግቤን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር ጎማው ፈነዳ። ረዳቱ ክሪኩን ልስልስ አፈር ላይ ተክሎ ይታገላል፤ አውቶቡሱ ከፍ በማለት ፈንታ ክሪኩ ይሰምጣል። ቆሜ ማየት አቃተኝ።

«ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርግበት እንጂ! ልትቀብረው ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

አብረን አነሳነው። ሾፌሩ ደስ ብሎት ከፊት ወንበር አስቀመጠኝና ሙዝ ሰጠኝ።

«አባቴ፣ ወዴት ነው?»

«ቦንጋ። ኳስ ሜዳ።»

«በዚህ ዕድሜ ኳስ!» ብሎ ሳቀ። «ማንን ነው የሚደግፉት?»

«ማንንም። ኳሱን አላይም፤ በሩን ነው የማየው።»

ከዚያ በኋላ እስከ ጅማ ሙዝም ጥያቄም አላቀረበልኝም።

ጅማ ርካሽ አልጋ ያዝኩ። ማንበብ ከተማርኩ ወዲህ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ሁሉ ያስቆመኛል። ከትራሱ በላይ «ሳይከፍሉ መውጣት ክልክል ነው» ይላል፤ በሩ ላይ «ከውጭ ሰው ማስገባት ክልክል ነው» ይላል። ግቡ፣ ውጡ ብሎ በር ላይ የሚጽፍ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የግቢው ዘበኛ ማምሻውን የውጭውን በር ሊቆልፍ ሲል ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኩት። «ምን ሊያደርግልዎት?» አለኝ ተጠራጥሮ። ነገርኩት። ቁልፉን አምጥቶ መስኮቴ ላይ አስቀመጠልኝ። ስሙን አልጠየቅኩትም፤ ይቆጨኛል።

ዓርብ

ከጅማ ቦንጋ በቅጥቅጥ ነው። ሸቤን አለፍን፤ ጎጀብ ወንዝ ስንወርድ ሙቀቱ የናዝሬትን መሰለኝና ትንሽ ልቤ ተረጋጋ። ከወንዙ በኋላ ግን ዳገትና ደን ብቻ። ሰው ይህን አረንጓዴ አይቶ ይደነቃል ይላሉ። እኔን እርጥብ ጨርቅ ፊቴ ላይ እንደተጣለ ነው የተሰማኝ። የእኛ አገር ደረቅ ነው፣ አቧራ ነው፣ ነገር ግን ሰማዩ ይታያል፤ በረዶ ሲመጣ ከሩቅ ታየዋለህ። እዚህ ዛፉና ደመናው ተቃቅፈው ምኑም አይታይም። ልጄም ሳያየው ነው የመጣበት።

ታምራት መናኸሪያ ጠበቀኝ። ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ ነው። ሊስመኝ ተንጠራራ፤ እጄን ዘረጋሁለት። አልተቀየመም። ባጃጇ ውስጥ አስገብቶኝ ዳገቱን እያቃሰተች ስትወጣ፣

«ጋሼ፣ ናዝሬት ከተማ ናት ወይስ ምድጃ?» አለኝ።

«የእናንተስ ከተማ ነው ወይስ መሰላል?»

«መሰላል ነው ጋሼ! የፊተኛዋ ባጃጄ አንደኛ ማርሽ ላይ አርጅታ ነው የሞተችው። ሁለተኛ ማርሽ የሚባል መኖሩንም ሳታውቅ።»

ሳልወድ ሳቅኩ። ከዚያ በመሳቄ ተናደድኩ።

ያሳደረችኝ እትዬ አስካለ ናት። ወንድሟ ተካ ከልጄ ጋር እዚያው በር ላይ ነው የሞተው። ከዋናው መንገድ በላይ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ከሱቁ ኋላ ቤቷ። ውሃ አሙቃ እግሬን ልታጥበኝ ስትል እምቢ አልኳት። «እንግዲያው ራስዎ ይጠቡት፤ እግር ግን ሳይታጠብ እኔ ቤት አይገባም» አለችና ጣሳውን አስጨበጠችኝ። ጾም ነበርና ቆጮ በጎመንና የተቀቀለ ጎደሬ አቀረበች። ቆጮ ለናዝሬት ሰው አፍ እንግዳ ነው፤ ጥርስ ላይ ይለጠጣል፣ ይኮመጥጣል። እሷ ግን ስታየኝ ስለነበር በላሁ። ደግሞ እሷ ቤት መብላት እችላለሁ፤ የሞተብን እኩል ነው። የበደለህን ሰው እህል ከቀመስክ ግን ክስህ ቀለለ ማለት ነው። አባቴም ያለኝ ይህን ነው፣ እትዬ አስካለም ይህንኑ ታውቃለች።

እየበላን ሳለ ታምራትን፣ «እናንተ ምን አገባችሁ? ማስታወቂያው የከሰሰው የእኛን ልጆች እንጂ እናንተን አይደለም» አልኩት።

«ተካን ማን ገደለው እንበል ታዲያ? ዮናስ?» አለ። የልጄን ስም አብሮ አደግ እንደሚጠራው ነው የጠራው። «ጋሼ፣ ኮሚቴ ይሾማል፣ ይሻራል። አዲሱ ሲመጣ 'እኔ አልነበርኩም' ይላል። ደጋፊን ማን ይሽረዋል? እኛ ነበርን። ነገም አለን። የፊተኞቹ በሄዱ ቁጥር ለመጡት እንነግራለን።»

አፍ ብቻ መሰለኝ። የእናንተን ቲሸርት አስታወሰኝ።

ቅዳሜ

ማንኪራ መንገዱ ጭቃ ነው። ጫማዬን ያየችው እትዬ አስካለ አልጋ ሥር ገብታ የፕላስቲክ ቦቲ አወጣች። የተካ ነው። ልክ ሆነኝ።

ባጃጇ የምትደርስበት ድረስ ሄድን፤ የቀረውን በእግር። ደኑ ውስጥ ቡናው ማንም ሳይተክለው በቅሏል፣ ቀፎው ከዛፍ ላይ ተሰቅሏል፤ ይህን ሁሉ ታምራት እያሳየኝ ነው፣ እኔ የማየው የምረግጠውን ነበር። እያየሁም ወደቅኩ። በቂጤ ተንሸራትቼ ከቁልቁለቱ ሥር ስቆም ታምራት፣ «ጎል!» ብሎ ጮኸ። ሰደብኩት። እየሳቀ ወርዶ አነሳኝና ሱሪዬን በቅጠል ጠረገልኝ።

ዘበኛው ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ደጃቸው ላይ ሆነው ስንመጣ ያዩናል። ታምራት በካፍኛ ነገራቸው። ማን መሆኔን ሲሰሙ ብድግ ብለው ቆሙ፣ እስክቀመጥም አልተቀመጡም። ሚስታቸው በሳህን ማር አምጥታ ፊቴ አኖረች።

«መጀመሪያ ቅመሱ» አሉኝ። አማርኛቸው ቀስ ያለ፣ ቃሉ አንድ በአንድ የሚወጣ ነው።

«አልቀምስም። በሩን ማን ቆለፈው?»

ሳህኑን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ገባቸው። ሴትዮዋ ፊቷን አዙራ ወጣች።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ። «ልጄ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትሠራለች። እንጀራዋ ነው።»

«የእኔም ልጅ እንጀራ ነበረው።»

ፊታቸውን ወደ ደኑ አዙረው፣ «ልጅዎን አስታውሳለሁ። ሲገባ አቀፈኝ። 'ፋዘር፣ ዛሬ እናሸንፋችኋለን' አለኝ። ጠጅ ጠጅ ይሸት ነበር» አሉ።

ልጄ አይጠጣም። ይህን ለፖሊስ ተናግሬያለሁ፣ ለኮሚቴ ተናግሬያለሁ፤ ይህን ያላመነኝን ወንድሜን ለቅሶ ላይ አንገቱን አንቄያለሁ። አንቱታውን ጣልኩት።

«ውሸታም! አንተም እንደነሱ ነህ! ቁልፍህን ታቅፈህ ሙት!»

ማሩ ሳይነካ ተነስቼ ወጣሁ። ታምራት እስከ ባጃጇ ድረስ አፉን ያልከፈተበት ብቸኛ ሰዓት ያ ነው።

ቤት ስገባ ለእትዬ አስካለ ነገርኳት። ቦቲውን እያጠበች ነበር፤ እጇ ቆመ።

«ጋሽ መኮንን፣ ጠጥቶ ነበር» አለች።

«ምን?»

«እዚህ። እርስዎ የተቀመጡበት። የእኛ ደጋፊዎች እንግዶቹን ምሳ ተከፋፍለው ወሰዱ፤ ተካ ዮናስን ይዞ መጣ። እንግዳ በደረቅ ጉሮሮ ከቤቴ አይወጣም ብዬ እኔ ነኝ ጠጅ የቀዳሁለት። ደገመ። ዘፈነም። አመስግኖኝ ቀና ብሎ ሄደ።»

ስንቱን ዓመት የተሸከምኩት ነገር በአንዲት ሴት አፍ እንዲህ ወደቀ።

«ቢንገዳገድስ ኖሮ?» አለች፤ ድምጿ ከፍ አለ። «ተካ ጴንጤ ነበር፤ ጠብታ ቀምሶ አያውቅም። እሱም እዚያው ሞተ። በሩ ማን ጠጣ፣ ማን ተወ ብሎ ጠየቀ እንዴ?»

ራት አልበላሁም። እሷም አላስገደደችኝም።

እሑድ

ሜዳው ከከተማው ሥር ነው። የእኛዎቹ በአውቶቡስ መጥተዋል፤ እየጨፈሩ በአጠገቤ አለፉ፣ አንድም የለየኝ የለም። እኔ ከቦንጋዎቹ ጋር ተቀመጥኩ። በሩን አየሁት። ሰማያዊ ቀለም ቀብተውታል። የበር ያህል በር ነው፤ ለምን ትልቅ ሆኖ እንደጠበቅኩት አላውቅም።

ስለ ጨዋታው የምጽፈው የለኝም። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በሩ የሚከፈትበት ሰዓት ሲደርስ፣ ታምራት ከፊት ቆሞ እጁን አነሳ። የቦንጋ ደጋፊ በሙሉ ከመቀመጫው ተነስቶ ጀርባውን ለኳሱ ሰጠ፤ ፊቱን ወደ በሩ። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ያን ቀን ገና እናቱ ጀርባ ላይ የነበረው ሁሉ።

«በሩን ማን ቆለፈው?»

አንድ ጊዜ በካፍኛ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ እንደገና በሁለቱም ተደባልቆ። ከዚያ ዝም። መልስ የሚጠብቅ ሰው ዝምታ። በሜዳቸው በተጫወቱ ቁጥር እንዲህ ያደርጋሉ። እኔ ስልክ ስዘጋባቸው እነሱ እዚህ ቆመው ስለ ልጄ ይጠይቁ ነበር።

በዝምታው መሐል የቦንጋ ቡድን ጎል አገባ። ፊሽካው ተነፋ፣ ተጫዋቾቹ ተቃቀፉ። አንድም ሰው አልዞረም። የገዛ ቡድኑ ጎል! እናንተ ናዝሬቶች ጭፈራችሁ ያን ጊዜ ነው የተቋረጠው፤ ግራ ገብቷችሁ ስትተያዩ አይቻለሁ። ከመካከላችሁ ጥቂቱ ቀስ ብሎ ጀርባውን ለሜዳው ሰጠ። ለእነዚያ ጥቂቶች ስል ነው ይህን የምጽፈው።

ያኔ በበሩ በኩል ጋሽ ወልዴ ገቡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ታምራት ሮጦ ድምፅ ማጉያውን ሰጣቸው፤ በየት በኩል እንደሚያዝ አላወቁም፣ አዞረላቸው። በካፍኛ ተናገሩ፤ ሕዝቡ አጉረመረመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ ደገሙት።

«እኔ ነኝ የቆለፍኩት። የምከፍትበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ኮሚቴው 'የክብር እንግዳው መኪና ከውጭ በሩን ተጠግቶ ቆሟል፤ ሰው ሲወጣ ይጫጭረዋል፤ እስኪነሳ እንዳትከፍት' አለኝ። በረዶው መጣ። ሰው ጮኸ። ቁልፉን እንደያዝኩ መኪናውን የሚያነሳ ሹፌር ልፈልግ ሮጥኩ። መክፈት ሲገባኝ ሹፌር ፍለጋ ሮጥኩ። ስመለስ...»

ድምፅ ማጉያውን ወደ ታች አወረዱት። የቀረውን በአፋቸው ነገሩን፤ አልተሰማም፤ ማንም ግን ድገሙ አላላቸውም።

ለመኪና ቀለም። ልጄ ለመኪና ቀለም ነው የሞተው።

ጭብጨባ አልነበረም። ኋላ መቀመጫ ላይ ያለች አንዲት ሴት ብቻ አለቀሰች፤ እትዬ አስካለ መሆኗን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ሰኞ

መናኸሪያ ስደርስ ጋሽ ወልዴ ቀድመውኝ ቆመዋል። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

«ሰው ከቤቴ ሳይቀምስ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። «እንቅልፍ ነሳኝ።»

«ልጅዎስ? ሥራዋ?»

«እሷ ናት እስከ ዋናው መንገድ ያደረሰችኝ።»

ቅጠሉን ፈታሁት። በጣቴ ቀመስኩ። ጠቆር ያለ ማር ነው፣ መጨረሻው ይመራል፤ ከግራዋ አበባ ነው ይላሉ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ወልዴ» አልኳቸው። አንቱታውን መለስኩላቸው። ይቅርታ አልሰጠሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ቅጥቅጡ ሲነሳ እጃቸውን አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም። ተካካስን።

ታምራት በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ጭቃ የሌለበት ቦታ እንጋብዝዎታለን!» አለኝ።

«እንዲህ ያለ ቦታ አላችሁ?»

«የለንም!»

ቤቴ ተመልሼ ጎማዬን መለጠፍ ቀጠልኩ። አቧራውም ሙቀቱም እንዳለ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ታምራት ደወለ። ኮሚቴው ተቀይሯል፤ አዲሶቹ የፊተኛውን ማስታወቂያ ሽረው ሌላ ሊያነቡ ነው፤ «በሩ በሰንሰለት ተቆልፎ ነበር፤ የሞቱት በር አልሰበሩም» ይላል።

«ጋሼ፣ 'አልሰከሩም' የሚል ይጨመር ወይ ብለው እርስዎን ይጠይቃሉ» አለኝ።

ስንት ዓመት የታገልኩላት ቃል ናት። በእጄ ላይ አስቀመጧት።

«አይጨመር» አልኩት። «ለሰከረም ሰው በር ይከፈታል።»

የመኪናውን ባለቤት ስም አልጠሩም። ደጋፊዎቹ ጥያቄውን ቀይረውታል አሉ፤ አሁን «መኪናው የማን ነው?» እያሉ ነው በሩን የሚያዩት። እነሱ ይጠይቁ፤ ጉልበቱ አላቸው። የእኔ ነገር ግን ማስታወቂያው ሜዳው ላይ ሲነበብ አለቀ። ታምራት ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው ከፍ አድርጎ ይዞልኝ፣ እኔ ጎማ እንደታቀፍኩ ቃል በቃል ሰማሁ። ማንም ቃል አልዘለለብኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 21።